የትሮሊንግ ሞተር ባትሪና ቻርጅ፦ ብዙ ሰው የሚሳሳትባቸው ነገሮች

እዚህ ዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ ዓሣ ማጥመድ የያዛቸው የኛ ሰዎች አሉ፣ ደስ ይላል። ግን ቨርጂኒያ ፌርፋክስ ያለው በርክ ሌክም ሆነ ሜሪላንድ ያለው ሊትል ሴኔካ ሐይቅ ላይ ቤንዚን ሞተር ማስነሳት አይቻልም፣ የሚፈቀደው ኤሌክትሪክ ብቻ ነው (ትሮሊንግ ሞተር የሚባለው በባትሪ የሚሠራው ትንሹ የጀልባ ሞተር)፣ ስለዚህ ባትሪው ሐይቁ መሃል ላይ ካለቀ የቀረው መቅዘፊያና ክንድ ነው፣ ከሰዓት ንፋስ ሲነሳ ደግሞ ልጆች ይዞ ለወጣ ሰው ቀልድ አይደለም። ከዛ የሚመጣው ስሞታ ሁሌ አንድ ዓይነት ነው፣ «ሞተሩ ጉልበት የለውም፣ ሁለት ሰዓት እንኳን አይሠራም፣ ልመልሰው ነው»። ኧረ ቆዩ። ሞተሩ አብዛኛውን ጊዜ ምንም አልሆነም፣ ችግሩ ያለው ባትሪው ጋ፣ ገመዱ ጋ ወይ ቻርጀሩ ጋ ነው። ደጋግሜ የማያቸውን ስህተቶች አንድ በአንድ ልጻፋቸው።

የመኪና ባትሪ ማሰር

ርካሽ ስለሆነ ወይ ጋራዥ ውስጥ የተረፈ ስላለ ሰው በዚህ ይጀምራል። የመኪና ባትሪ የተሠራው ሞተር ለማስነሳት ነው፣ ውስጡ ያሉት ፕሌቶች ስስና ብዙ ናቸው፣ ለጥቂት ሰከንድ በመቶ የሚቆጠር አምፔር ይሰጥና ወዲያው ኦልተርኔተሩ ይሞላዋል። ትሮሊንግ ሞተር ግን 30፣ 40፣ 50 አምፔር እያለ ለረዥም ሰዓት ነው የሚስበው። የ100 ሜትር ሯጭን ማራቶን እንደማስሮጥ ነው፣ መጀመሪያ ላይ የሚችል ይመስላል። እስከ ታች እየወረደ ሲሞላ ሲወርድ ግን ፕሌቶቹ ቶሎ ይረግፋሉ፣ አለቀ። የሚያስፈልጋችሁ ዲፕ ሳይክል የሚባለው፣ ፕሌቱ ወፍራም የሆነው ነው። «ማሪን» የሚል ስለተጻፈበት ብቻ ደግሞ አትመኑ፣ የጀልባ ሞተር ማስነሻውም ማሪን ነው የሚባለው። ስቲከሩን እዩ፣ ክራንኪንግ አምፕ (የማስነሻ ጉልበት) ብቻ ጽፎ የአምፔር አወር ቁጥር (ስንት አምፔር ለስንት ሰዓት እንደሚሰጥ) ከሌለው ማስነሻ ነው ብላችሁ እለፉት።

100 የሚለውን ቁጥር እንዳለ ማመን

ይሄኛው ስሌት ላይ ነው። «ባትሪዬ 100 አምፔር አወር ነው፣ ሞተሬ 50 አምፔር ይስባል፣ ስለዚህ ሁለት ሰዓት» ይባላል። ያ 100 የተለካው ባትሪው በ20 ሰዓት ውስጥ ቀስ ብሎ፣ በ5 አምፔር ሲያልቅ ነው። ባለ 55 ፓውንድ ሞተር (ፓውንዱ የሚገፋበት ጉልበት ነው፣ ክብደቱ አይደለም) ሙሉ ፍጥነት ላይ 50 አምፔር ገደማ ይስባል፣ ሊድ አሲድ የሚባለው የተለመደው የእርሳስና የአሲድ ባትሪ በዚህ ፍጥነት ሲመጠጥ መቶውን በጭራሽ አይሰጣችሁም፣ በዛ ላይ ዕድሜው እንዲረዝም ከግማሽ በታች ባታወርዱት ነው የሚሻለው። ሁለት ሰዓት ያላችሁት አንድ ሰዓትም አይሞላም።

መፍትሔው ግን ሁሌ ትልቅ ባትሪ መግዛት አይደለም። ጀልባ ውሃ ላይ ፍጥነቱን እጥፍ ለማድረግ ስምንት እጥፍ ገደማ ኃይል ይፈልጋል፣ ስለዚህ ከሙሉ ፍጥነት ትንሽ ዝቅ ማለት ብቻውን ብዙ ሰዓት ይጨምርላችኋል፣ ለዓሣውም ቢሆን ቀስ ማለት ነው የሚሻለው። ሌላው፣ ባለ አምስት ፍጥነት የሚባሉት ርካሾቹ ሞተሮች ዝቅተኛው ፍጥነት ላይ ትርፉን ኃይል በሙቀት መልክ ነው የሚያባክኑት፣ ፍጥነቱ ያለ ደረጃ የሚስተካከለው ዓይነት ግን የሚፈልገውን ብቻ ይወስዳል። ቀስ ብሎ መሄድ ለሚወድ ሰው ሁለተኛ ባትሪ ከመጨመር ይሄን ሞተር መግዛት ያዋጣል ባይ ነኝ። ምን ያህል እንደቀረ ለማወቅ ደግሞ ሞተሩን ነቅላችሁ ባትሪው ትንሽ ካረፈ በኋላ በቴስተር (በቮልት መለኪያ) ለኩት፣ ሊድ አሲድ ከሆነ 12.7 ቮልት አካባቢ ሙሉ ነው፣ 12.2 አካባቢ ግማሽ። ሞተሩ እየሠራ የሚታየው ቁጥር ያሳስታል።

ሁለት ባትሪ አለኝ ብሎ እንደመጣ ማሰር

ሚን ኮታ የሚባለውን የትሮሊንግ ሞተር ብራንድ ብንወስድ እስከ 55 ፓውንድ ድረስ ያሉት ሞተሮች በ12 ቮልት ነው የሚሠሩት፣ 80 ፓውንዱ 24 ይፈልጋል፣ 112ቱ ደግሞ 36። 24 ለማግኘት የአንዱን ባትሪ ፖዘቲቭ ከሌላው ኔጋቲቭ ጋር በአጭር ገመድ ታገናኙና ሞተሩን በቀሩት ሁለት ጫፎች ላይ ታስራላችሁ። ፖዘቲቭን ከፖዘቲቭ፣ ኔጋቲቭን ከኔጋቲቭ ካሰራችሁ ግን ቮልቱ 12 ሆኖ ይቀራል፣ የሚጨምረው ሰዓቱ ነው። ሁለቱም ትክክል ናቸው፣ እንደ ሞተሩ ነው። ባለ 12 ሞተር 24 ከገባበት ሰርኪቱን ሊያቃጥለው ይችላል፣ ስለዚህ ሞተሩን ከመሰካታችሁ በፊት ሁለቱን ጫፎች በቴስተር ለኩ፣ ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም።

አንዱ አዲስ አንዱ የዓምና ባትሪ ማጣመር ደግሞ አዲሱን መግደል ነው። አሮጌው ቀድሞ ያልቅና ጥንዱን ሁሉ ይጎትታል፣ ቻርጅ ሲደረጉም እኩል አይሞሉም። አንድ ዓይነት፣ አንድ መጠን፣ አንድ ዕድሜ።

ቀጭን ሽቦ

እኔን በጣም የሚያናድደኝ ይሄ ነው፣ ምክንያቱም ሰው ሞተርና ባትሪ ላይ ብዙ መቶ ዶላር አውጥቶ ሽቦው ላይ ሃያ ዶላር ይቆጥባል። ባትሪው ከኋላ ነው፣ ሞተሩ ከፊት፣ መሃሉ 10 ጫማ እንበል። ኤሌክትሪኩ ሄዶ ይመለሳል፣ ስለዚህ ሽቦው 20 ጫማ ነው። 10 ጌጅ የሚባለው ሽቦ በ1000 ጫማ 1 ኦም አካባቢ ነው፣ 20 ጫማው 0.02 ኦም ማለት ነው፣ 50 አምፔር ሲያልፍበት 1 ቮልት መንገድ ላይ ቀረ። ከ12 ላይ አንድ ቮልት ብዙ ነው። ያ የጠፋው 50 ዋት የትም አልሄደም፣ ሽቦውን እያሞቀ ነው። ያንኑ መንገድ በ6 ጌጅ ብትሠሩት የሚጠፋው 0.4 ቮልት ብቻ ነው። የአሜሪካ የጌጅ ቁጥር ደግሞ የተገላቢጦሽ ነው፣ ቁጥሩ ሲያንስ ሽቦው ይወፍራል። አገር ቤት በስኩዌር ሚሊሜትር ለለመደ፣ 6 ጌጅ 13 አካባቢ ነው፣ 10 ጌጅ ደግሞ 5 ምናምን። ኦንላይን በጣም ርካሽ የሆነ ካያችሁ መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም እንዳይሆን አንብቡ፣ ለዚህ ሥራ ሙሉ መዳብ ነው የሚፈለገው፣ ቆርቆሮ የተቀባው ማሪን ሽቦ ከሆነ ደግሞ እርጥበት ይችላል።

ጫፉም ያው ነው። ባትሪው ላይ በጣት የሚጠብቀው ባለ ክንፍ ዳዶ አለ አይደል፣ ጀልባ ስትናጥ እሱ ይላላል። በቁልፍ የሚጠብቅ ዳዶ ቀይሩበት። የሽቦው ቀለበት በቀጥታ ተርሚናሉ ላይ ነው ማረፍ ያለበት፣ ከሱ በላይ ሮንዴላ፣ ከዛ ዳዶ። ብዙ ሰው ሮንዴላውን ከሥር ያደርገዋል፣ ከዛ ኤሌክትሪኩ በሮንዴላው አልፎ እንዲሄድ ይገደዳል፣ እሱ ደግሞ እንደ መዳብ አያስተላልፍም። ጥሩ መሥራታችሁን ለማወቅ ሞተሩን አሥር ደቂቃ ካስኬዳችሁ በኋላ አጥፉትና ተርሚናሉን በጣት ንኩት። ለብ ማለት የለበትም። ከሞቀ አንድ ቦታ ላልቷል ወይ ዝጓል።

ብሬከር መዝለል

«ሞተሩ ራሱ መከላከያ አለው» የሚሉ አሉ። ብሬከሩ ሞተሩን ለማዳን ብቻ አይደለም፣ ሽቦው ተፍቆ ከብረት ጋር ከተገናኘ እሳት እንዳይነሳ ነው፣ ባትሪ ደግሞ ሲገናኝበት በመቶ የሚቆጠር አምፔር ያፈሳል። ለ55 ፓውንድ ሞተር 60 አምፔር ብሬከር ነው የሚመከረው፣ ፖዘቲቩ ላይ፣ ከባትሪው በጣም ቅርብ። ሞተሩ ጋ ከገጠማችሁት በመሃል ያለው ሽቦ ሁሉ ያለ ጠባቂ ቀረ።

ቅዳሜ የተጠቀሙበትን ለሚቀጥለው አርብ ማታ ቻርጅ ማድረግ

ሊድ አሲድ ባትሪ ጎድሎ በቆየ ቁጥር ፕሌቱ ላይ ሰልፌት ይጋግራል፣ ሲቆይ ደግሞ ይጠነክርና በቻርጅ አይለቅም፣ ባትሪው በየጊዜው እያነሰ ይሄዳል። ስለዚህ ከሐይቁ የተመለሳችሁ ዕለት ማታ ሰኩት። ደክሟችሁ ይሆናል፣ ይገባኛል፣ ግን ዓሣውን ከማጠባችሁ በፊት ባትሪውን ሰኩት። ሞተሩንም ከባትሪው ነቅላችሁ ነው ቻርጅ የምታደርጉት።

ቻርጀሩ ደግሞ መጠኑ ይሁን። ለሞተር ሳይክል የተሠራች 2 አምፔር ቻርጀር ግማሽ የወረደ 100 አምፔር አወር ባትሪን ከአንድ ቀን በላይ ነው የምትፈጅበት። ከባትሪው አሥር በመቶ ገደማ ጥሩ መነሻ ነው፣ ለ100 አምፔር አወር 10 አምፔር፣ አዳር ይሞላል። ራሱ ደረጃ የሚቀያይርና ሲሞላ ወደ 13.5 ቮልት አካባቢ ዝቅ የሚል ስማርት ቻርጀር ይሁን፣ አሮጌው ዝም ብሎ የሚገፋው ዓይነት ባትሪውን ያፈላዋል። ባለ 24 ሲስተም ያላችሁ ደግሞ አንዲት 12 ቮልት ቻርጀር በሁለቱ ዳር አትሰኩ። ባለ ሁለት ባንክ ቻርጀር ግዙ፣ እያንዳንዱ ባትሪ የራሱን ቀይና ጥቁር ያገኛል፣ ሽቦውንም መፍታት አያስፈልግም።

ሊትየም ገዝቶ በአሮጌው ቻርጀር መሙላት

ሊትየም አይረን ፎስፌት ጥሩ ነገር ነው፣ 100 አምፔር አወሩ 30 ፓውንድ ገደማ ነው የሚመዝነው፣ ሊድ አሲዱ ከ60 በላይ፣ ካያክ (በመቅዘፊያ የምትሄድ ጠባብ ትንሽ ጀልባ) ላለው ሰው ትልቅ ልዩነት ነው። ግን የራሱ ሕግ አለው። ሊድ አሲድ ቻርጀር ላይ ያለው ሰልፌት ማራገፊያ ሁኔታ ቮልቱን ከፍ ስለሚያደርገው ለሊትየም አይሆንም፣ ሊትየም የሚል ሴቲንግ ያለው ይሁን። ከ0 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች ቻርጅ ማድረግ ሴሉን ለዘለቄታው ይጎዳዋል፣ ጃንዋሪ ላይ ጋራዥ ያደረ ባትሪ መጀመሪያ ቤት ገብቶ ይሙቅ። ውስጡ ያለው ቢኤምኤስ (ባትሪውን የሚጠብቀው መቆጣጠሪያ ሰርኪት) ስንት አምፔር ያለማቋረጥ እንደሚያሳልፍ ሳታዩ አትግዙ፣ 50 የሚያሳልፍ ባትሪ ላይ 50 የሚስብ ሞተር ካሰራችሁ መሃል ላይ ቀጥ ይላል። ቮልቱም እስከ መጨረሻው እምብዛም አይወርድም፣ ከዛ ያለ ማስጠንቀቂያ ይዘጋል፣ ስለዚህ በብሉቱዝ የሚያሳይ ወይ መቁጠሪያ ያለው ያስፈልጋል። ሚን ኮታም ሊትየም ካሰራችሁ ከ85 ፐርሰንት ፍጥነት በላይ ለረዥም ጊዜ አታስኪዱ ይላል።

ቡና የሚፈላበት ጋራዥ ውስጥ ቻርጅ ማድረግ

ይሄን ለኛ ሰው ለብቻው መጻፍ አለብኝ። ሊድ አሲድ ቻርጅ ሲደረግ ሃይድሮጅን ይወጣዋል፣ ጋዙ አይሸትም፣ አየር ውስጥ 4 በመቶ ከደረሰ በአንድ ፍንጣሪ ይፈነዳል። ጋራዥ ውስጥ ከሰል አቀጣጥለን ቡና እናፈላለን፣ ዕጣን እናጨሳለን፣ በዛው ጥግ ባትሪው ተሰክቷል። አይሆንም። (ከሰሉ ዝግ ጋራዥ ውስጥ ለራሱም ገዳይ ነው፣ ጭሱ ውስጥ ያለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሰው ይወስዳል።) በሩ ተከፍቶ፣ እሳት ርቆ፣ ልጆች የማይደርሱበት። ስትነቅሉ መጀመሪያ ቻርጀሩን ከግድግዳው፣ ከዛ ከባትሪው፣ ፍንጣሪው ባትሪው ራስ ላይ እንዳይሆን።

ክዳኑ የሚከፈት ባትሪ ከሆነ ውሃውን እዩ። የቧንቧ ውሃ አይደረግም፣ ዲስቲልድ ብቻ። የሚሞላውም ቻርጅ ካለቀ በኋላ ነው፣ ቻርጅ ሲደረግ ፈሳሹ ከፍ ስለሚል ቀድማችሁ ከሞላችሁት አሲዱ ይፈሳል። ፕሌቱ ከወጣ ብቻ እስኪሸፍነው ጠብ አድርጉና ከዛ ሰኩት። የፈሰሰ አሲድ ላይ ቤኪንግ ሶዳ ነስንሱበት።

የቀሩት ትናንሾቹ

ዓሣ ማሳያውን ስክሪን ከሞተሩ ባትሪ ላይ አትጥለፉት፣ ስክሪኑ ላይ መስመር መስመር ይሠራል፣ ትንሽ የራሱ ባትሪ ይኑረው። ክረምት ሊድ አሲዱን ሞልታችሁ ነው የምታስቀምጡት፣ ባዶው ብርድ ላይ ወደ በረዶ ተቀይሮ ይሰነጠቃል፣ ሊትየሙን ግን ግማሽ አካባቢ። ከባትሪ ጋር ባይያያዝም ቨርጂኒያ ውስጥ ኤሌክትሪክ ሞተር ያሰራችሁበት ካያክም ሞተር ጀልባ ነው፣ መመዝገብ አለበት።

ሞተርና ቻርጀር ገዝታችሁ ወደ ሐዋሳ ወይ ባሕር ዳር ለምትልኩ ደግሞ፣ እዚህ የሚሸጡት ብዙዎቹ ቻርጀሮች ለ120 ቮልት ብቻ የተሠሩ ናቸው፣ አገር ቤት ሶኬቱ 220 ነው፣ እንደተሰካ ይቃጠላል። የቻርጀሩን ጀርባ ገልብጣችሁ አንብቡ፣ ከ100 እስከ 240 የሚል ከሆነ የሶኬት መቀየሪያ ብቻ ይበቃል፣ 120 ብቻ ካለ ሞተሩን ላኩና ቻርጀሩን እዛው ይግዙ።