ድሬ ላይ አሮጌ ኮሮላ መያዝ፦ ምኑ ይበላሻል፣ ኪስ የሚጎዳውስ የቱ ነው

አሮጌ ኮሮላ ልትገዙ ያሰባችሁ ወይም ገዝታችሁ ከጋራዥ ጋራዥ የምትንከራተቱ ድሬዎች፣ ይሄን የምጽፈው ለናንተ ነው። የኔዋ ከ2000 እ.ኤ.አ በኋላ የወጣችው ሞዴል ናት፣ ያቺ በየሰፈሩ የምታዩዋት። ስነዳት የገባኝ ነገር ቢኖር እዚህ እኛ ጋር ሞተር የሚገድለው ኪሎሜትር ሳይሆን ሙቀትና ውሃ ነው፣ ስለዚህ ከውሃው ልጀምር።

የድሬ ውሃ ማንቆርቆሪያ ውስጥ ምን እንደሚያደርግ ታውቃላችሁ አቦ። ያ ነጭ ድንጋይ ራዲያተር ውስጥም ይጋገራል። መኪናዬ ከከዚራ ሳቢያን ስትመላለስ ምንም አትልም ነበር፣ ሐረር ልሄድ የደንገጎን ዳገት መውጣት ስጀምር ግን የሙቀት ጌጁ ግማሹን አልፎ ሽቅብ ማለት ጀመረ፣ ኤሲ አጠፋሁ፣ መስኮት ከፈትኩ፣ እንደምንም ዳር ይዤ ቆሜ አበረድኳት። በማግስቱ መካኒኩ ቴርሞስታቱን ፈትቶ እጄ ላይ አስቀመጠልኝ። ዙሪያውን ኖራ የመሰለ ነገር ለብሶ ስፕሪንጉ አልነቃነቅ ብሏል፣ በጥፍሬ ስፍቀው እንደ እንቁላል ቅርፊት ተፈነቀለ። ይሄ እቃ 82 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ተከፍቶ ውሃውን ወደ ራዲያተር ማሳለፍ ነበረበት፣ ካልተከፈተ ሞተሩ የራሱን ሙቀት ይዞ ይቀራል።

«አውጥተህ ጣለው፣ ድሬ ቴርሞስታት አያስፈልጋትም» የሚላችሁ አይጠፋም። እኔ አልስማማም። ያለሱ ሞተሩ የሚፈልገው ሙቀት ላይ ቶሎ አይደርስም፣ ቤንዚን ይበላል፣ ቶሎም ያልቃል፣ ሐረር ያለው ሰው ደግሞ ጠዋት ጠዋት ጉዳቱ ይብስበታል። አዲስ አስገቡ፣ ራዲያተሩን አሳጥቡ፣ ክዳኑን ቀይሩ (የክዳኑ ጎማ ከደረቀ ግፊት አይይዝም፣ ውሃውም በትንሽ ሙቀት ይፈላል)፣ ከዛ የቧንቧ ውሃ ሳይሆን ኩላንት (የሞተር ማቀዝቀዣ ፈሳሽ) ከተጣራ ውሃ ጋር ግማሽ በግማሽ ሙሉ። ሞተር ትኩስ እያለ ክዳኑን እንዳትከፍቱ፣ ፊት ያቃጥላል።

ይሄ ሁሉ ተደምሮ ትንሽ ወጪ ነው። ችላ ካላችሁት ግን ጓርኒሲዮን፣ ማለትም ቴስታውን (የሞተሩን ጭንቅላት) ከታችኛው አካል ጋር የሚያሽገው፣ ይበላል፣ ያኔ ቴስታ ይወርዳል፣ ቶርኖ ቤት ሄዶ ይላጫል፣ ጓርኒሲዮን፣ ዘይት፣ ፊልትሮ፣ ኩላንት እንደገና ይገዛል፣ በዛ ላይ የቀናት የእጅ ዋጋ አለ። ምልክቱ የዘይት ክዳን ስር ወተት የመሰለ ነገር፣ ራዲያተር ውስጥ የማያቋርጥ አረፋ፣ ወይም መሬት ላይ ሳይፈስ የሚጎድል ውሃ ነው። ከነዚህ አንዱን ካያችሁ መንዳት አቁሙ።

ሁለተኛው ዘይት ነው። የመጀመሪያዎቹ 1.8 ሞተሮች፣ 1ዜድዜድ የሚባሉት፣ ዘይት በመብላት የታወቁ ናቸው፣ ፒስተኑ ላይ ዘይት የሚመለስባቸው ቀዳዳዎች ጠባብ ስለሆኑ በጥላሸት ይደፈናሉ፣ ፋሻውም (የፒስተኑ ቀለበት) ይጣበቃል። ልትገዙ ስትሄዱ ሻጩ ሞተሩን አሙቆ እንዳይጠብቃችሁ በጠዋት ድረሱ። ከተቻለ ከደንገጎ ቁልቁል በማርሽ ይዛችሁ ውረዱና ታች ስትደርሱ ነዳጅ ስጡ፣ ከኋላ ሰማያዊ ጭስ ቦነን ካለ ዘይት ትበላለች። በየ1,000 ኪሎሜትር አንድ ሊትር ከበላች እስከ 5,000 ድረስ አምስት ሊትር ጨመራችሁ ማለት ነው፣ ሞተሩ ከነፊልትሮው የሚይዘው 3.7 ሊትር ገደማ ሆኖ ሳለ! ስለዚህ ፋሻ ለማስቀየር ከመቸኮላችሁ በፊት የምትጨምሩትን ዘይት በዓመት አስሉት። ለትንሽ መብላት እየለኩ መጨመር ያዋጣል። ሞተር ካስወረዳችሁ ግን ፋሻ ብቻ ቀይሮ መግጠም አይበቃም፣ ችግሩ ፒስተኑ ላይ ስለሆነ ተሻሽሎ የወጣውን ፒስተን ፈልጉ። ይሄ ነው ትልቁ ወጪ፣ መኪናዋን ስትገዙ ከዋጋው ላይ ማስቀነስ ያለባችሁም ይሄንን ነው።

የዚች ሞተር ታይሚንግ ካቴና (ሰንሰለት) ነው፣ ቺንጊያ (የጎማ ቀበቶ) አይደለም፣ በጊዜ አይቀየርም። ጠዋት ስትነሳ ከኮፈኖ ስር የሚንኳኳ ድምፅ ከሌለ ተዉት። ከዛ በፊት ያሉት የ1990ዎቹ እ.ኤ.አ ኮሮላዎች ግን የታይሚንግ ቺንጊያ አላቸው፣ ባለቤቱ መቼ እንደቀየረ ካላወቀ እንዳልተቀየረ ቁጠሩትና 100,000 ኪሎሜትር ይሞላል ብላችሁ ሳትጠብቁ ለውጡት።

እግሯ ጋ ደግሞ አሸዋና እስፒድ ብሬከር አለ። ደቻቱ አካባቢ የሚመላለስ ሰው በየወሩ ጎንበስ ብሎ የሴሚያሴውን (ጎማውን የሚያሽከረክረውን ዘንግ) የጎማ ሽፋን ይይ። ተቀዶ ግሪሱ ቸርኬው ላይ ከተረጨ ሽፋኑን ብቻ ቀይራችሁ ትገላገላላችሁ፣ መሪ ስትጠመዝዙ ቀጭ ቀጭ ማለት ከጀመረ ግን አሸዋው ገብቷል፣ ሙሉ ሴሚያሴ ነው። የታችኛው ክንድ ጎሚኒና (ላስቲክ) አሞርዛተርም (ንዝረት የሚያበርደው) ቶሎ ያልቃሉ ግን ከባድ ወጪ አይደሉም። ባትሪ በሙቀቱ ከደጋ ቀድሞ ይሞታል፣ ጠዋት ሞተሪኖው መጎተት ሲጀምር ዲናሞውንም አብራችሁ አስለኩ። ላሜራው ግን እዚህ ደረቅ አገር ስለሆነ ዝገት ብዙም አያሳስብም፣ ይሄ የድሬ መኪና ጥቅሙ ነው።

ዋጋን በተመለከተ ቁጥር አልጽፍላችሁም፣ ብር ሐምሌ 2016 ዓ.ም በገበያ ዋጋ መወሰን ከጀመረ ወዲህ የእቃ ዋጋ በጽሑፍ ላይ አይቆይም። እኔ የማደርገው እቃውን አስፈትቼ አሮጌውን ይዤ፣ የሻንሲ ቁጥር በስልኬ ፎቶ አንስቼ ሦስት ሱቅ እጠይቃለሁ፣ ኦሪጅናልና ታይዋኑን ለየብቻ። የእጅ ዋጋውን ግን ከመፈታቱ በፊት ነው የምስማማው፣ ከተፈታ በኋላ መኪናችሁ ታስራለች። አንዴ ባልተስማማሁበት ስራ እጥፍ ተጠይቄ ከፍያለሁ። ጋራዥ ደግሞ በጠዋት ሂዱ፣ ከምሳ በኋላ ሙቀቱም አለ በርጫውም አለ፣ ሳይጠብቅ የቀረ ቡሎን የሚገኘው የከሰዓት ስራ ላይ ነው፤ መኪናዋን ከመረከባችሁ በፊት ራሳችሁ ኮፈኖውን ከፍታችሁ ማኒኮቶዎቹ (የውሃ ጎማዎቹ) ላይ ፋሸታው (ማሰሪያው) መጥበቁን በእጃችሁ ነካ ነካ አድርጉ።