የጀልባዋ ጥገና ለምን ተላቀቀ?
ጣና ላይ የምትሠራ የፋይበርግላስ፣ ማለትም በሙጫ ከተያያዘ የመስታወት ክር የተሠራች ጀልባ ናት። ሆዷ ላይ የተለጠፈው ጥገና ክረምቱ ሳይወጣ ተላቀቀ። ባለቤቱ ሙጫውን ረገመ። ልጣፉን ስቀደው ግን ክሮቹ ነጭና ደረቅ ናቸው፤ ኢፖክሲ የተባለው ሙጫ ውስጣቸው አልገባም።

ጉዱ ያለው ክሩ ላይ በተቀባው ነገር ነው። የተበተኑ ክሮችን አያይዞ ምንጣፍ የሚያደርገው ማጣበቂያ ብዙውን ጊዜ የሚሟሟው ፖሊስተር በተባለው ሌላ ሙጫ (ሬዚን) ውስጥ ባለው ስታይሪን የተባለ ፈሳሽ ነው። ኢፖክሲ ስታይሪን የለውም፤ ማጣበቂያው ሳይሟሟ ይቀርና ሙጫው ክሮቹ ውስጥ እንዳይገባ ያግደዋል። ስለዚህ ለኢፖክሲ ተብሎ ሲሌን የተባለ ኬሚካል የተቀባ የተሸመነ ጨርቅ አፈላልጌ አገኘሁ። ሲሌን በአንድ እጁ መስታወቱን፣ በሌላው ሬዚኑን ይይዛል። ያለሱ ውሃ በመካከል ሾልኮ ይገባል።

አሮጌውን ፍቄ፣ በብርጭቆ ወረቀት አሻክሬ፣ አድርቄ ለጠፍኩ። ማድረቁን እንዳትዘሉት፤ የሐይቅ ዳር እርጥበት ተንኮለኛ ነው። አሁን ጀልባዋ ዘጌ ትመላለሳለች። ጠርዙን በቢላ ጫፍ ብሞክረው ንቅንቅ የለም።