የአምፔሩን ማዞሪያ አትርሱት

ሱቄ ቱሉ ዲምቱ፣ ኮንዶሚኒየም ስር ያለች ጠባብ ክፍል ናት። ከመበየጃው ካውያ ቀጥሎ ብዙ የምነካው ፓወር ሰፕላዬን ነው፤ የግድግዳውን መብራት ወደምፈልገው ዝቅተኛ ቮልት የሚቀይር ሳጥን ነው፤ እስከ 30 ቮልት፣ እስከ 5 አምፔር ይሰጣል። ለሞባይልና ለሬዲዮ ጥገና ይበቃል፣ ይተርፋልም።

እንደገዛችሁት አትሰኩት። መጀመሪያ ጀርባውን እዩ። አንዳንዱ 110 እና 220 የሚል ማቀያየሪያ አለው። የእኛ መብራት 220 ነው። የእኔ የመጀመሪያው 110 ላይ እንዳለ ሰክቼው ነው የተቃጠለው። ካርቶኑን እንኳን አልጣልኩም ነበር።

ፊት ለፊት ሦስት መሰኪያ አለ። ቀዩ ፖዘቲቭ፣ ጥቁሩ ኔጌቲቭ ነው። አረንጓዴው ግራውንድ ነው፤ ከሳጥኑ ብረት ጋር የተያያዘ። ጥቁሩን ሽቦ አረንጓዴው ላይ ሰክቶ «ተበላሽቷል» ያለኝ ተለማማጅ አንድ ሁለት አይደለም።

ሰው ሁሉ ቮልቱን በጥንቃቄ ያስተካክልና አምፔሩን እስከ ጥግ ከፍቶ ይተወዋል። ቦርድ የሚያቃጥለው ይሄ ነው። ለስልክ እኔ እንዲህ አደርጋለሁ። ምንም ሳላገናኝ ቮልቱን 4 ላይ አደርጋለሁ። የአምፔሩን ማዞሪያ ዝቅ አድርጌ የቀዩንና የጥቁሩን ጫፍ አነካካለሁ። አትፍሩ፣ ይችለዋል። ሲሲ (CC) የምትለው፣ አምፔሩ ልኩ ላይ መድረሱን የምትናገረው መብራት ትበራለች፣ ቮልቱ ወደ ዜሮ ይወርዳል። እንደተነካኩ አምፔሩን ቀስ ብዬ 1 ላይ አደርስና አላቅቃቸዋለሁ። በቃ፣ ልኩ ተበጀለት።

ባለፈው ውሃ የገባበት ስልክ መጣልኝ። ባትሪውን አውጥቼ በቦታው ሰፕላዩን አገናኘሁ። ገና ማብሪያውን ሳልነካ 1 አምፔር ሞላ። ጤነኛ ቦርድ ሳይበራ ይሄን ያህል አይጠጣም፤ ንባቡ ዜሮ አካባቢ ነው። ነቅዬ ቦርዱን አልኮል ቀባሁትና መልሼ አገናኘሁ። ሌላው እርጥብ እንደሆነ አንዲት ከሰሊጥ ፍሬ የማትበልጥ ካፓሲተር የምትባል የቦርዱ ዕቃ አናቷ ላይ አልኮሉ ቀድሞ ደረቀ። ሞቃለች ማለት ነው። ሾርቱ፣ ማለትም ፖዘቲቩን ከኔጌቲቩ ያገናኘው ብልሽት፣ እሷ ነበረች። አነሳኋት፣ ንባቡ ወረደ።

ስክሪኑን ብቻ አትመኑ። ክሊፖቹ ጫፍ ላይ በቴስተር ለኩ፤ ቀጭን ሽቦ መንገድ ላይ ቮልት ይበላል።

መብራት ሲሄድ ደግሞ ክሊፑን ከቦርዱ ንቀሉ። አንዳንዱ ሰፕላይ ሲነሳ ለቅጽበት ካስተካከላችሁት በላይ ይተፋል። የግቢው ልጆች «መጣ!» ብለው ሲጮሁ እኔ መጀመሪያ የማየው ስክሪኑን ነው። ክሊፑን የምመልሰው 4 ላይ ሲረጋ ነው።