የተቆለፈ የቤት ሙዚቃ ማጫወቻን መክፈትና ማሻሻል፦ ችግርና መፍትሄ

ሙዚቃን በውስጡ ባለ ሃርድ ዲስክ ላይ የሚያከማች የቤት ማጫወቻ አብዛኛውን ጊዜ የሚደክመው በድምፅ ክፍሉ ሳይሆን በዲስኩ በኩል ነው። ድምፁን የሚያወጣው ሰርኪት ለረጅም ዓመታት ያለ እንከን ሲሠራ፣ ሲሽከረከር የሚውለው ዲስክ ግን ያረጃል። ባለቤቱ ሰፋ ያለ ዲስክ ገዝቶ ለመተካት ሲነሣም መሣሪያው ተቆልፎ ያገኘዋል። ከዚህ በታች ወዳሉት ችግሮች ከመግባትዎ በፊት አንድ ነገር አጥብቄ አሳስባለሁ፤ አሮጌው ዲስክ ገና እየሠራ ሳለ በውስጡ ያለውን ሁሉ ይቅዱ። ማጫወቻው በኔትወርክ ወይም በፍላሽ ፋይል ማውጣት የሚፈቅድ ከሆነ፣ ካቻቪቴ ከመያዝዎ በፊት ይህን ሥራ ይጨርሱ።

ዲስኩ በኮምፒውተር ላይ ይታያል፣ ነገር ግን አይነበብም

ከማጫወቻው የወጣው ዲስክ ከኮምፒውተር ጋር ሲገናኝ ስሙና መጠኑ በትክክል ይታያል፤ ለማንበብ ሲሞከር ግን ከመጀመሪያው ሴክተር (ዲስኩ ከተከፋፈለባቸው ትንንሽ የመረጃ ክፍሎች አንዱ) ጀምሮ ስሕተት ይመልሳል። ብዙ ሰው በዚህ ጊዜ ዲስኩ ተበላሽቷል ብሎ ይጥለዋል። ትናንት በማጫወቻው ውስጥ ሲዘፍን ያመሸ ዲስክ ግን ዛሬ ስለተፈታ ብቻ ሁሉም ሴክተሮቹ በአንድ ጊዜ አይሞቱም። እንዲህ ያለው ምልክት በአብዛኛው የሚያመለክተው የኤቲኤ ቁልፍን፣ ማለትም ዲስኩ ራሱ የሚይዘውን የይለፍ ቃል መቆለፊያ ነው። ቁልፉ ያለው በፋይሎቹ ላይ ሳይሆን በዲስኩ መቆጣጠሪያ ውስጥ ነው፤ ማጫወቻው በበራ ቁጥር እስከ 32 ባይት የሚደርስ የይለፍ ቃል ለዲስኩ ይልካል፣ ዲስኩም ኤሌክትሪክ እስኪቋረጥበት ድረስ ክፍት ሆኖ ይቆያል። ስለዚህ ፎርማት ለማድረግ መሞከር ከንቱ ድካም ነው፤ የተቆለፈ ዲስክ ማንበብን እንደሚከለክል ሁሉ መጻፍንም ይከለክላል።

ይህን ለማረጋገጥ ዲስኩን በቀጥታ ከኮምፒውተሩ ማዘርቦርድ ጋር በሳታ ወይም በቆየው የዲስክ ማገናኛ በአይዲኢ ገመድ ያገናኙት፤ ብዙዎቹ የዩኤስቢ አስማሚዎች የቁልፍ ትእዛዞችን አያሳልፉምና። ከዚያም በሊኑክስ ላይ ኤችዲፓርም በተባለው ፕሮግራም የዲስኩን መረጃ ሲያወጡ፣ ዲስኩ ተቆልፎ እንደሆነና የቁልፉ ደረጃ ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ ይነግርዎታል። ይህን ደረጃ ሳያነቡ አይለፉት። ዲስኩ ሁለት የይለፍ ቃላት አሉት፤ አንዱ የተጠቃሚው ሲሆን ሌላው ማስተር የሚባለው ነው። የተጠቃሚው ቃል በሁለቱም ደረጃዎች ዲስኩን ይከፍታል። ማስተሩ ግን ዝቅ ባለው ደረጃ (ፕሮግራሙ «ሃይ» በሚለው) ላይ ምንም ሳያጠፋ ሲከፍት፣ ከፍ ባለው ደረጃ («ማክሲመም» በሚለው) ላይ ቁልፉን ማንሣት የሚችለው በዲስኩ ላይ ያለውን ሁሉ በመደምሰስ ብቻ ነው። ሙዚቃዎ ያለ ቅጂ በዚያ ዲስክ ላይ ካለ ይህን ሁለተኛውን መንገድ በፍጹም አይሞክሩት።

ቃሉን በግምት መሞከርም አይገባም። ከአምስት የተሳሳቱ ሙከራዎች በኋላ ዲስኩ ኤሌክትሪክ ተቋርጦ እስኪመለስ ድረስ ትክክለኛውን ቃል እንኳ አይቀበልም፤ ያረጀን ዲስክ ደጋግሞ ማጥፋትና ማስነሣት ደግሞ ዕድሜውን ያሳጥራል። ቃሉን በማጫወቻው የጥገና መመሪያ ውስጥ ወይም የዚያኑ ሞዴል መሣሪያ ፈትተው ባጠኑ ሰዎች ዘንድ ይፈልጉ። ሲያገኙት ዲስኩን ለጊዜው ብቻ ይክፈቱና ወዲያውኑ ወደ መቅዳት ይሂዱ። ቁልፉን ለዘለቄታው የሚያነሣ ትእዛዝም አለ፤ በእኔ እምነት ግን አሮጌው ዲስክ ከነቁልፉ፣ እንደነበረ ተቀምጦ ቢቆይ ይሻላል፤ አዲሱ ዲስክ አልሠራ ቢል ወደ ኋላ መመለሻ መንገድ የሚሆነው እርሱ ነው። ማጫወቻው በርቶ እያለ የዳታ ገመዱን ነቅሎ በኮምፒውተር ላይ የመሰካት ዘዴም ይወራል። ይህ ዘዴ አንዳንድ ጊዜ ይሠራል፤ ነገር ግን ዲስኩንም ሁለቱንም መሣሪያዎች ሊያቃጥል ስለሚችል አልመክረውም።

ለመቅዳት ተራ የፋይል ቅጂ አይበቃም። ጂኤንዩ ዲዲሬስኪው የተባለው ፕሮግራም መጀመሪያ ደኅና የሆነውን ክፍል ጠራርጎ ይወስዳል፣ የታመሙትን ሴክተሮች ለመጨረሻ ያቆያል፣ የደረሰበትንም በማስታወሻ ፋይል ስለሚመዘግብ ሥራው ቢቋረጥ ካቆመበት ይቀጥላል። የዝውውሩን አቅጣጫ፣ ማለትም ምንጩና መድረሻው የትኛው ዲስክ እንደሆነ፣ በሞዴልና በመለያ ቁጥር ሁለት ጊዜ ያረጋግጡ።

አዲሱ ዲስክ ገብቷል፣ ማጫወቻው ግን አይቀበለውም

ብዙ ማጫወቻዎች ዋና ሶፍትዌራቸውን የሚያስቀምጡት በዚያው በሙዚቃው ዲስክ ላይ ስለሆነ ባዶ ዲስክ ሲገባባቸው መነሻ ያጣሉ። መፍትሄው ከላይ እንደተባለው ሴክተር በሴክተር የተቀዳውን ዲስክ ማስገባት ነው። ቅጂው ሙሉ ሆኖ ሳለ እምቢ ካለ፣ ማጫወቻው ቁልፍ የሌለውን ዲስክ የማይቀበል ዓይነት ሊሆን ስለሚችል ያንኑ የይለፍ ቃል በአዲሱ ዲስክ ላይ ማድረግ ያስፈልጋል። በዚህ ጊዜ ትእዛዙ ተቀባይነት ካጣ፣ ኮምፒውተሩ ሲነሣ የዲስኩን የቁልፍ ትእዛዞች አግዶ ሊሆን ይችላል፤ ኮምፒውተሩን እንዲያንቀላፋ አድርጎ መቀስቀስ ብዙ ጊዜ እገዳውን ያነሣል። በአይዲኢ ዲስኮች ላይ ደግሞ ጃምፐሩ (የዲስኩን ተራ የሚወስነው ትንሽ መሰኪያ) በአሮጌው ዲስክ ላይ በነበረበት አቀማመጥ መሆኑን ማየት አይዘንጉ።

ሰፊው ዲስክ 137 ጊጋባይት ብቻ ሆኖ ይታያል

ይህ የዲስኩ ጉድለት አይደለም። የቆዩ መሣሪያዎች የሴክተር አድራሻን በ28 ቢት ስለሚጽፉ፣ እያንዳንዱ ሴክተር 512 ባይት ሲሆን ከ137 ጊጋባይት በላይ መቁጠር አይችሉም። አንዳንዶቹ ድንበሩን አውቀው ይቆማሉ። የሚያስፈራው ሌላው ዓይነት ነው፤ ሙሉውን መጠን ያሳያል፣ ይሁን እንጂ ድንበሩ ላይ ሲደርስ ቆጠራው ወደ ዜሮ ተመልሶ በዲስኩ መጀመሪያ ላይ ይጽፋል። ለወራት በደኅና የሠራ ማጫወቻ ከዚህ ድንበር ባለፈበት ቀን የፋይል ሰንጠረዡን የሚያጣው በዚህ ምክንያት ነው። ለሞዴሉ የወጣ አዲስ ፈርምዌር (የመሣሪያው ውስጣዊ ሶፍትዌር) ችግሩን የሚፈታ ከሆነ መጀመሪያ እርሱን ይጫኑ፤ ከሌለ ግን በኤችዲፓርም የዲስኩን የሚታይ መጠን ከ137 ጊጋባይት በታች ዝቅ አድርጎ መቁረጥ ይቻላል። የዲስኩ ብዙ ክፍል ሥራ ፈት ይሆናል፤ ስብስብዎ ግን አይጠፋም።

ዲስኩ ይነሣል፣ ይቆማል፣ እንደገና ይነሣል

በእያንዳንዱ ሙከራ መካከል የጠቅታ ድምፅ ከተሰማ ዲስኩን ከመኮነንዎ በፊት ፓወር ሰፕላዩን ይመርምሩ። ባለ 3.5 ኢንች ዲስክ በ12 ቮልትም በ5 ቮልትም የሚሠራ ሲሆን፣ ለመነሣት በሚሽከረከርባቸው የመጀመሪያ ሰከንዶች ከሁሉ ጊዜ የበለጠ ኤሌክትሪክ ይስባል። በውስጡ ያሉ አናታቸው ያበጠ ካፓሲተሮች (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙ ትንንሽ ክፍሎች) ይህን ጭነት መሸከም አይችሉም። መለወጥ ያለባቸው በተመሳሳይ አቅምና ከቀድሞው ባላነሰ ቮልት ነው፤ ፓወር ሰፕላዩ ከሶኬት ከተነቀለ በኋላም ቻርጅ ይዞ ስለሚቆይ በእጅ መንካት አደገኛ ነው። በዲስኩ ምትክ በ5 ቮልት ብቻ የሚሠራ ባለ 2.5 ኢንች ኤስኤስዲ ማስገባት የ12 ቮልቱን መስመር ያሳርፋል፣ የመሽከርከር ድምፁንም ያስቀራል። አይዲኢ ብቻ ላለው ማጫወቻ በመካከል የሳታ መቀየሪያ ካርድ ያስፈልጋል።

የፈርምዌር ማሻሻያው ፋይል በፍላሹ ላይ አለ፣ ማጫወቻው ግን አያየውም

በአብዛኛው ፍላሹ በኤክስፋት ወይም በኤንቲኤፍኤስ ፎርማት ተደርጎ ነው። በፋት32 ፎርማት አድርገው፣ ፋይሉን በማንኛውም ፎልደር ውስጥ ሳያስገቡ፣ ስሙንም ሳይለውጡ ያኑሩት። ማሻሻያው ከጀመረ በኋላ እስኪያልቅ ድረስ ኤሌክትሪኩ መቋረጥ የለበትም።

ከማሻሻያው በኋላ የኢንተርኔት ሬዲዮና የኮምፒውተሩ ፎልደር ጠፉ

እዚህ ላይ ሁለት የተለያዩ ምክንያቶች ይደባለቃሉ። ማጫወቻው ከኮምፒውተር ፎልደር ላይ ያነብ ከነበረና አሁን ካላገኘው፣ የሚያውቀው ጥንታዊውን የፎልደር ማጋሪያ ሥርዓት ኤስኤምቢ 1ን ብቻ ሊሆን ይችላል፤ እ.ኤ.አ. ከ2017 መጨረሻ ወዲህ አዲስ የሚጫን ዊንዶውስ ደግሞ ይህን አብሮ አይጭንም። ኤስኤምቢ 1ን መልሶ ማብራት ኮምፒውተሩን ለጥቃት ስለሚያጋልጥ፣ ማጫወቻው ዲኤልኤንኤ (ሙዚቃን በቤት ኔትወርክ የማጋሪያ ሥርዓት) የሚያውቅ ከሆነ በዚያ በኩል ማገናኘት ይመረጣል። ሬዲዮው ብቻ ከተዘጋ ግን መጀመሪያ የማጫወቻውን ቀን ይመልከቱ። በቦርዱ ላይ ያለችው የ3 ቮልት የሳንቲም ባትሪ ካለቀች፣ መሣሪያው ከሶኬት ተነቅሎ በተሰካ ቁጥር ሰዓቱ ብዙ ዓመታት ወደ ኋላ ይመለሳል፤ በዚያን ጊዜ የጣቢያዎቹ የደኅንነት ሰርተፊኬቶች ገና ያልወጡ ስለሚመስሉት ሁሉንም አይቀበልም። ባትሪዋን ለውጠው ቀኑን ካስተካከሉ በኋላ ጣቢያዎቹን እንደገና ይሞክሩ።