ልጆችን ስለ ወባ በጨዋታ እንዴት እናስተምር?

ትምህርት ቤት የሚከፈተው ወባ በሚበረታበት ሰሞን ነው። ክረምቱ ሲወጣ በየጉድጓዱ ያቆረው ውሃ ይቀራል። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ደግሞ በቆላው አገር ንዳድ የማይገባበት ቤት ጥቂት ነው። መምህር ወይም የሚኒ ሚዲያ አስተባባሪ ከሆናችሁ፣ ወይም የሰፈር ልጆችን ሰብስባችሁ የምታጫውቱ ከሆነ፣ ዝግጅቱን በዓመቱ መጀመሪያ ጀምሩት። ሚያዝያ 17ን፣ የዓለም የወባ ቀንን፣ አትጠብቁ።

ብዙ ቦታ የሚደረገው ልጆችን አሰልፎ «ወባ በትንኝ ይተላለፋል» ማስባል ነው። ልጁ በቃሉ ይወጣዋል። ማታ ግን አጎበሩ ከላዩ ተጠቅልሎ እንደተንጠለጠለ ይተኛል። ስለዚህ ጨዋታው ልጁ ዛሬ ማታ ቤቱ የሚያደርገውን ነገር ያለማምደው።

መጀመሪያ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋን አነጋግሩ

የቀበሌውን ችግር ከእሷ በላይ የሚያውቅ የለም። አጎበሩ ለገለባ መሸከሚያ ሆኖ ይሆን? ኬሚካል የተረጨው ግድግዳ ወዲያው ተለስኖ መድኃኒቱ ተሸፍኖ ይሆን? ድሬዳዋን በመሰለ ከተማ ከሆናችሁ ነገሩ ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 ሶማሌ ክልል፣ ቀብሪደሃር ላይ የተገኘችው አዲሷ ትንኝ፣ አኖፊለስ ስቴፈንሲ፣ በበርሜልና በውሃ ታንከር ውስጥ ትራባለች። እዚያ ጨዋታችሁ በርሜል ስለመክደን መሆን አለበት። ከሁሉም አንዱን መልእክት ብቻ ምረጡ። አምስቱን በአንድ ቀን የሰማ ልጅ አንዱንም አይዝም።

«ኩኩሉ! አልነጋም!»

መልእክታችሁ አጎበር ከሆነ ከዚህ የተሻለ ጨዋታ አላውቅም። ድብብቆሹን የማያውቅ ልጅ የለም፤ ማስተማር እንኳ አያስፈልግም።

አንድ አጎበር ዛፍ ላይ ወይም ክፍል ውስጥ ስቀሉና ከሥሩ ሰሌን አንጥፉ። አንዷ ልጅ ቢምቢ ትሁን። ዓይኗን ጨፍና «ኩኩሉ!» ትላለች። ሦስት ወይም አራት ልጆች «አልነጋም!» እያሉ አጎበሩ ውስጥ ይገባሉ፤ ጫፉንም ዙሪያውን ከሰሌኑ ሥር ይወትፋሉ። ቢምቢዋ ዓይኗን ስትገልጥ አጎበሩን ትዞራለች። ያልተወተፈ ጫፍ ወይም ቀዳዳ ካገኘች እጇን ታስገባለች፤ የነካችው ልጅ ተነክሷልና ይወጣል። ክንዱን መረቡ ላይ አስደግፎ የተቀመጠም እንዲሁ ተነክሷል፤ እውነተኛዋም ትንኝ በመረቡ በኩል ትነክሳለች። «ነጋ!» እስኪባል ማንም በፈቃዱ አይወጣም። የወባ ትንኝ በብዛት የምትነክሰው ሌሊት ስለሆነ የጨዋታው ሕግ የእውነቱ ሕግ ነው።

ሁለት ሦስት ዙር ከተጫወቱ በኋላ ልጆቹ ራሳቸው ቀዳዳ ፍለጋ ይጀምራሉ። ያኔ መርፌና ክር አውጡና መጥቀም አሳዩአቸው። አጎበር ሲታጠብ በተራ ሳሙና መሆኑን፣ የሚሰጣውም ጥላ ላይ እንጂ ፀሐይ ላይ አለመሆኑን እዚያው ንገሯቸው።

የካልሲ አሻንጉሊት ትርኢት

አሮጌ ካልሲ፣ ቁልፍና ክር ይበቃል። አንድ የታመመ ልጅ፣ አንዲት ጤነኛ እህት፣ አንዲት አያትና አንዲት ቢምቢ ሥሩ። ቢምቢዋን ከሽቦ ስትሠሯት ጭንቅላቷ ወደ ታች፣ ጅራቷ ወደ ላይ ይሁን። የወባ ትንኝ የምታርፈው እንደዚያ ነው። ልጆቹ ግድግዳ ላይ ሲያዩዋት ይለዩዋታል።

ከታመመው ልጅ ላይ አንድ ቀይ ክር አንጠልጥሉ፤ ክሩ ወባን የሚያመጣው ጥገኛ ተሕዋስ ነው። ቢምቢዋ ነክሳው ክሩን ይዛ ትሄዳለች፤ ከሳምንት በላይ ካለፈ በኋላ እህቱን ስትነክሳት ክሩን ትተውላታለች። ሕፃን ልጅ «ጥገኛ ተሕዋስ» የሚለውን ቃል ባይዝም፣ ያ ቀይ ክር ከሰው ወደ ሰው ሲሄድ አይቶ አይረሳውም።

ትርኢቱን «ተረት ተረት» ብላችሁ ክፈቱት፤ «የላም በረት» የሚለው መልስ ከየአቅጣጫው ይመጣል። በመሀል እንቆቅልሽ ጣሉ፦ «ቀን ትደበቃለች፣ ማታ ሳትጋበዝ እራት ትበላለች።» ያቃተው አገር ይስጥ።

አያቷን የምትወደድ አድርጓት። እሷ «ወባ የያዘህ እሸት በቆሎና አገዳ ስለበላህ ነው» ትላለች። ይህን ብዙ ቤት ውስጥ ትሰማላችሁ፤ በቆሎው የሚደርሰው ትንኟ በምትበዛበት ሰሞን ስለሆነ ሰው ሁለቱን ማገናኘቱ አይገርምም። የልጅ ልጇ በአክብሮት ያስረዳት። አያቱ ላይ የተሳቀበት ልጅ የተማረውን ቤት ወስዶ አይናገርም።

ጤና ኬላውንም አጫውቱት

ትኩሳት የያዘው ሰው በ24 ሰዓት ውስጥ መመርመር አለበት። ልጆች ግን ጣት መወጋቱን ይፈራሉ፤ አንዳንዱም መታመሙን ይደብቃል። ስለዚህ ምርመራውን በአሻንጉሊቱ አሳዩ፦ አንድ ጠብታ ደም፣ ከዚያ 15 ወይም 20 ደቂቃ መጠበቅ፣ ውጤት። መድኃኒቱም ይታይ። ኮአርተም ከታዘዘ ለ3 ቀን፣ በቀን 2 ጊዜ ነው። ትኩሳቱ በሁለተኛው ቀን ቢለቅም የቀረው ፍሬ ለሌላ ቀን አይቀመጥም።

ስለ ሞት አታስፈራሩ። ከልጆቹ መካከል ታናሽ ወንድሙን በወባ ያጣ ሊኖር ይችላል።

በማግስቱ

ጠዋት ላይ «ማታ አጎበር ውስጥ የተኛ እጁን ያውጣ» አትበሉ። አጎበር የሌለው ልጅ በጓደኞቹ ፊት ያፍራል፤ ወይም ይዋሻል። ይልቅ ቤታቸው ስንት ሰው እንደሚተኛና ስንት አጎበር እንደተሰቀለ በሥዕል ሠርተው እንዲያመጡ አድርጉ። ሥዕሎቹን ሰብስባችሁ ራሳችሁ እዩዋቸው። አጎበር የጎደለበትን ቤት ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ለብቻዋ ንገሯት፤ ምላሹንም ተከታተሉ።