የሚያስፈራው ሌላ፣ የሚጎዳው ሌላ፦ ሰልፋሳላዚን ሲወስዱ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ሰልፋሳላዚን የጀመሩ ሰዎች ወደምሠራበት መድኃኒት ቤት ተመልሰው ሲመጡ ስጋታቸው ብዙ ጊዜ አንድ ነው፤ «ሽንቴ ብርቱካን መሰለ፣ ኩላሊቴን ሳያበላሸው አልቀረም»። ጉሮሮው ቆስሎ፣ ብርድ ብርድ እያለው የሚመጣው ግን የሚውጠውን ኪኒን ስሙን እንኳ አያነሳም። የሚጠይቀኝ የቶንሲል መድኃኒት ነው። እኔን የሚያስደነግጠኝ ሁለተኛው ሰው ነው።

መድኃኒቱን ብዙዎች በንግድ ስሙ ሳላዞፒሪን ይሉታል። ለአንጀት ብግነት፣ በተለይም አልሰሬቲቭ ኮላይቲስ ለሚባለው የትልቁ አንጀት ቁስለት ይታዘዛል። ስዊድናዊቷ ሐኪም ናና ስቫርትስ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ መጨረሻ ለመገጣጠሚያ ሕመም ብላ ነበር ያሰበችው። በአንድ ኪኒን ውስጥ ሁለት ነገር ተያይዟል፤ አንዱ ሰልፋ ከሚባሉት የባክቴሪያ መድኃኒቶች ወገን የሆነው ሰልፋፒሪዲን፣ ሌላው ዛሬ ሜሳላዚን ተብሎ ለብቻውም የሚሸጠው የአስፕሪን ዘመድ። ኪኒኑ ትልቁ አንጀት ሲደርስ እዚያ የሚኖሩት ባክቴሪያዎች ማያያዣውን ይበጥሱታል። ሜሳላዚኑ በአብዛኛው እዚያው ቀርቶ ቁስሉን ያበርዳል፤ ሰልፋው ወደ ደም ይገባል። ከጎንዮሽ ጉዳቶቹ አብዛኞቹ የዚህ የሰልፋው ሥራ ናቸው።

ሽንት ቀለሙን ስለቀየረ ኪኒኑን ማቆም

ኪኒኑ ራሱ ብርቱካንማ ቢጫ ነው። ቀለሙ በሽንት፣ በላብ፣ አንዳንዴም በእንባ ይወጣል፤ በዓይን ውስጥ የሚደረግ ለስላሳ መነጽር ላይ የማይለቅ እድፍ ሊጥል ይችላል። ነጭ ነጠላ ለሚለብሱ እናቶች አንገቱ ላይ ያለው ቢጫ ነገር የዘይት እንዳልሆነ አስቀድሜ እነግራቸዋለሁ። ጉዳት የለውም።

ከወፍ በሽታ የሚለየው በዓይን ነው። ነጩ የዓይን ክፍል ቢጫ ከሆነ፣ ሽንቱ ብርቱካን መሆኑ ቀርቶ እንደ ጠቆረ ሻይ ከሆነ፣ ሰገራው ከነጣ ወይም ሰውነት ካሳከከ ጉበት መታየት አለበት፤ ያኔ በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ ይሂዱ።

የጉሮሮ ቁስልን «ቶንሲሌ ተነሳብኝ» ብሎ በአሞክሲሲሊን ማለፍ

ከሁሉም ስህተት የከፋው ይህ ነው፤ ከሁሉም የተለመደውም ይመስለኛል። ሰልፋሳላዚን በጥቂት ሰዎች ላይ ነጭ የደም ሴሎችን በጣም ዝቅ ያደርጋል። ይህ ሲደርስ ብዙውን ጊዜ በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ውስጥ ነው። ሴሎቹ ሲያልቁ ሰውነት ተራውን ጀርም እንኳ መመከት ያቅተዋል፤ መጀመሪያ የሚታየውም ትኩሳት፣ የጉሮሮ ቁስል እና የአፍ ውስጥ ቁስል ነው። ከቶንሲል በምን ይለያል? በመልኩ ብቻ እኔም አልለየውም፤ የሚለየው የደም ምርመራው ነው።

አሞክሲሲሊኑ ትኩሳቱን ለሁለት ቀን ቢያስታግስ እንኳ ሴሎቹን አይመልስም። ሰልፋሳላዚኑም እየተዋጠ ነው። ስለዚህ ይህን ኪኒን የሚወስድ ሰው ትኩሳት ከጉሮሮ ቁስል ጋር ከመጣበት የሚቀጥለውን ኪኒን ሳይውጥ በዚያው ቀን ሲቢሲ (የደም ሴሎች ቆጠራ) ይሠራ፤ ላዘዘለት ሐኪምም ይደውል። ያለ ምክንያት የሚበልዝ ቆዳ፣ የሚደማ ድድ እና ልብ የሚያስመታ ድካምም ከዚሁ ይቆጠራሉ።

ሲቢሲ ካነሳን ዘንድ፣ «ደህና ነኝ፣ ለምን ደሜን ያፈሱታል?» የሚሉ አሉ። የመድኃኒቱ መመሪያ የደም እና የጉበት ምርመራ ከመጀመርዎ በፊት፣ በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት በየ2 ሳምንቱ፣ በሚቀጥሉት 3 ወራት በየወሩ፣ ከዚያ በየ3 ወሩ እንዲሠራ ያሳስባል። ሐኪምዎ እንደ ሁኔታው ሊያራርቀው ይችላል። ገንዘብ ካጠረ ግን የመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት የሚዘለሉ አይደሉም።

ሽፍታን ምች ማለት

ትኩሳት መጣ፣ ከንፈር ቆሰለ፣ ቆዳ ላይ ነገር ወጣ፤ ቤት ውስጥ ፍርዱ ወዲያው ይሰጣል፦ ምች ነው፣ ዳማከሴ ይጨመቅ። ዳማከሴውን አልቃወምም፤ በቡና ውስጥ ያደግሁበት ነው። የሚያስቸግረው የሚባክነው ቀን ነው። ለሰልፋ የሚነሳ ብርቱ አለርጂ ከጀመሩ ከሁለት ሳምንት እስከ ሁለት ወር ባለው ጊዜ ሊመጣ ይችላል፤ ሽፍታ፣ ትኩሳት፣ የፊት እብጠት እና ያበጠ እጢ አብረው ሲታዩ ጉበትና ኩላሊትም እየተነኩ ሊሆን ይችላል። ቆዳው ውኃ ቋጥሮ የሚላጥ፣ አፍ፣ ዓይን ወይም ብልት የሚቆስል ከሆነ ሌሊትም ቢሆን ድንገተኛ ክፍል ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር፦ ሽፍታ በጠየመና በጠቆረ ቆዳ ላይ ሥዕሎች እንደሚያሳዩት ቀልቶ ላይታይ ይችላል። ጠቆር ያለ ወይም ወይን ጠጅ መሰል ሆኖ ይወጣል፤ በእጅ ሲዳስሱት ይሻክራል።

የድሮውን አለርጂ አለመናገር

«ለሰልፋ አለርጂ አለብዎት?» ሲባል «የለብኝም» ይላሉ፤ ሰልፋ የሚለውን ስም አያውቁትማ። ጥያቄውን ስቀይረው ነው መልሱ የሚወጣው፤ «ባክትሪም ወስደው አሳክኮዎት ያውቃል? ድሮ ለወባ የሚሰጠው ፋንሲዳርስ?» ሁለቱም ውስጥ ሰልፋ አለ። አስፕሪን አስም የሚቀሰቅስበትም ሰው ይናገር፤ ሌላኛው የኪኒኑ ግማሽ ዘመዱ ነውና።

በባዶ ሆድ መዋጥ፣ ከዚያ «አልተስማማኝም» ማለት

ማቅለሽለሽ፣ ራስ ምታት እና የምግብ ፍላጎት ማጣት በጣም የተለመዱ ናቸው፤ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ይበዛሉ። ብዙ ጊዜ መፍትሔ አላቸው። ሐኪሙ በትንሽ መጠን አስጀምሮ ቀስ በቀስ ሊጨምር ይችላል፤ ኪኒኑ ከምግብ በኋላ በብዙ ውኃ ይዋጣል። አንጀት ውስጥ እንዲሟሟ ሽፋን የተደረገለት ዓይነት ደግሞ አይደቀቅም፣ አይታኘክም። የአንዱ ጉበት ሰልፋውን ቶሎ ያስወግደዋል፣ የሌላው ይዘገያል፤ ስለዚህ ጎረቤትዎ በስምንት ኪኒን ሳይሰማው እርስዎን በአራት ቢያዞርዎ አይገረሙ።

ጾም ሲመጣ ነገሩ ይወሳሰባል። መጠኑ ቀኑን ሙሉ እኩል ተከፋፍሎ፣ ከምግብ በኋላ እንዲወሰድ ነው የታሰበው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚቆይ ወይም ረመዳንን የሚጾም ሰው የቀኑን ሁሉ በአንድ ማዕድ ሲውጥ ማቅለሽለሹ ይብሳል፤ ውኃ ሳይጠጣ የዋለ ኩላሊትም ለጠጠር ይጋለጣል። ታማሚ በሁለቱም ሃይማኖት የሚላላለት አለ። የነፍስ አባትዎን ወይም ሼኹን ጾሙ ከመግባቱ በፊት ያማክሩ፤ ሐኪሙንም እንዲሁ። ከሁሉም የማይሻለው ዝም ብሎ የጠዋቱን መተው ነው።

ልጅ አልመጣ ሲል ሚስትን ብቻ ማስመርመር

ስለዚህ ጉዳይ ሊጠይቀኝ የሚመጣ ሰው መድኃኒት ቤቱ ባዶ እስኪሆን ይጠብቃል። ሰልፋሳላዚን የወንድ ዘርን ቁጥርና እንቅስቃሴ ይቀንሳል። የወንድነት አቅምን አይደለም፣ ዘሩን ነው፤ ሲቆም ደግሞ በ2 ወይም 3 ወር ውስጥ ይመለሳል። ሰልፋ የሌለበት ሜሳላዚን ይህ ችግር በአብዛኛው ስለሌለበት ሐኪም ሊቀይርለት ይችላል። ይህን ሳያውቁ ለዓመታት ሴቷን ብቻ ከሐኪም ሐኪም፣ ከጠበል ጠበል ማንከራተት ግፍ ነው። (ወንዶችም፣ ይህን እንደ ወሊድ መከላከያ አትቁጠሩት፤ አይደለም።)

ለሴቶች የሚነገረው ሌላ ነው። ኪኒኑ ፎሊክ አሲድ የሚባለው ቫይታሚን ከምግብ እንዳይመጠጥ ያደናቅፋል፤ ስለዚህ ፎሊክ አሲድ አብሮ ይታዘዛል። ማርገዝ የምታስብ ወይም ያረገዘች ሴት የፎሊክ አሲዱን መጠን ከሐኪሟ ጋር ትወስን። ማርገዟን ባወቀችበት ቀን ሰልፋሳላዚኑን በድንጋጤ ማቆም ግን አይገባም፤ በእርግዝና ጊዜ የሚነሳ የአንጀት ብግነት ለእናትም ለፅንስም የሚያሰጋ ነው፣ ሰልፋሳላዚን ግን በእርግዝና ከሚፈቀዱት ነው።

ተቅማጡ ሲብስ መጠኑን በራስ መጨመር

ጥቂት ሰዎችን የሚያባብሳቸው ራሱ መድኃኒቱ ነው። የሜሳላዚኑ ክፍል የማይስማማው ሰው በጀመረ በቀናትና በሳምንታት ውስጥ ቁርጠት፣ ደም ያለበት ተቅማጥ፣ ትኩሳት እና ራስ ምታት ይመጣበታል፤ ልክ በሽታው የተነሳበት ይመስላል። ኪኒን በጨመረ ቁጥር ይብስበታል። ለቁርጠቱ ዲክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን የሚጨምርበት ደግሞ አለ፤ እነዚህ ብግነቱን ሊቀሰቅሱ ይችላሉ። ተቅማጡ ከመድኃኒቱ በኋላ ከጨመረ ቀኑን ጽፈው ይያዙ፤ ለሐኪሙ ከሁሉም በላይ የሚጠቅመው እሱ ነው።

ሲደነግጡ ሁሉንም በአንድ ቀን ማቆም

ብዙ ታማሚዎች ሰልፋሳላዚንን ፕሬድኒሶሎን ከሚባለው ብግነት የሚያበርድ የስቴሮይድ ኪኒን ጋር ነው የሚወስዱት። ሽፍታ ሲወጣ ሁለቱንም ወደ ጎን ይገፏቸዋል። ሰልፋሳላዚን ዛሬውኑ ቢቆም ሰውነት አይደነግጥም። ፕሬድኒሶሎን ግን ከሦስት ሳምንት በላይ ከተወሰደ የሰውነትን የራሱን ሆርሞን ሥራ አስፈትቶታል፤ በአንዴ ሲቆም ደም ግፊት ይወርዳል፣ ማስታወክና መዝለፍለፍ ይመጣል፣ ሕይወትም ሊያሳጣ ይችላል። ቀስ እየተባለ ነው የሚቀነሰው። ስለዚህ ሽፍታም ሆነ ትኩሳት ይዞዎት ሲሄዱ የሚወስዷቸውን ኪኒኖች ከነማሸጊያቸው በፌስታል ይዘው ይሂዱ፤ የትኛው እንደሚቆም ሐኪሙ እያየ ይንገርዎ።