የመመረቂያ ጽሑፉ እያለ ለምን «የለም» ይባላል?

ደብረ ብርሃን ላይ በዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ካታሎግ እሠራለሁ። ተማሪ ስለ መንዝ ገብስ የተጻፈ ጥናት ፈልጎ ባዶ እጁን ሲመለስ ያንገበግበኛል። ጥናቱ መደርደሪያ ላይ አለ፤ መዝገቡ ነው የደበቀው።

ከስም ጀምሩ። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም፤ የአባትን ስም አስቀድማችሁ በኮማ አትገልብጡ። ኮሃ (የቤተ መጻሕፍት ካታሎግ ሶፍትዌር) ላይ በማርክ (የካታሎግ መዝገብ ቅርጸት) 100 መስክ፣ ማለትም የደራሲው ስም በሚገባበት፣ የመጀመሪያው ኢንዲኬተር (የስሙን ዓይነት የሚናገረው አሃዝ) 0 ይሁን። 1 የቤተሰብ ስም ላላቸው ነው።

ቀጥሎ ፊደል። ኃይሉ፣ ሀይሉ፣ ሃይሉ ለኮምፒዩተር ሦስት የተለያዩ ቃላት ናቸው። አንዱን ዋና አድርጉና የቀሩትን፣ በላቲን የተጻፈውንም ጨምሮ፣ በስም ኦቶሪቲ መዝገቡ (የሰውየውን ስም ዋና አጻጻፍና ተለዋጮቹን በሚይዘው) 400 መስክ ላይ አስገቡ። ከዚያ ኮሃ ተለዋጭ ስሞችን ፍለጋ ውስጥ እንዲያካትት ሴቲንጉን አብሩና ኢንዴክሱን (የፍለጋ ማውጫውን) እንደገና ሥሩ። ይህ ካልተደረገ የለፋችሁበት ሁሉ ገደል ገባ። ለተለዋጭ ርዕስ የማርክ 246 መስክ አለላችሁ።

ዲስፔስ (የጥናት ጽሑፎች ዲጂታል ማከማቻ) ላይ ዓመቱን ተጠንቀቁ። ሰኔ 2015 ዓ.ም. የቀረበ ጽሑፍ የኅትመት ቀኑ በአውሮፓውያን አቆጣጠር 2023 ይሁን፤ የእኛው ዓመት ማስታወሻ ላይ ይቀመጥ። አለዚያ አዲሱ ጥናት ያረጀ መስሎ ከታች ይቀበራል።

ስካን የተደረገ ፒዲኤፍ ዝም ብሎ ፎቶ ነው፤ ውስጡ ያለው ቃል ተፈልጎ አይገኝም። ቴሰራክት (ከምስል ላይ ጽሑፍ የሚያነብ ሶፍትዌር) አማርኛ ያነባል፤ በነጻ ነው። ፋይሉን ዲስፔስ ላይ ከመጫናችሁ በፊት በእሱ አሳልፉት።